የእናቴ ካርድ፣ የአባቴ ስም

ደቡብ ሱዳን ዝርዝሩ ውስጥ ገብታለች። ከደቡብ ኮሪያ በታች፣ ከስፔን በላይ። ዓይኔን ስላላመንኩት ስልኩን አጥፍቼ እንደገና ከፈትኩት። አሁንም እዚያው ናት።

ሮጬ እናቴ ጋ ሄድኩ። ለሥራ እየለበሰች ነበር፤ አንዱ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው ውጭ። ገባን አልኳት። የት አለችኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ስላት የነፃ ትምህርት ዕድል መስሏት ፊቷ በራ። የመጽሔት መሸጫ መሆኑን ስነግራት የበራው ፊት ቀስ እያለ ጠፋና ሁለተኛውን ጫማዋን አጠለቀች።

ጁባ ያልኖረ ሰው ይህ ምኑ ያስደስታል ሊል ይችላል። እኛ ግን ኢንተርኔት ላይ «አገርዎን ይምረጡ» የሚል ነገር በመጣ ቁጥር ልባችን ይመታል። አንዳንዱ ድረ ገጽ ሱዳን ብሎ ያልፋል፤ ደቡቧ ገና አልተወለደችለትም። አንዳንዱ ደግሞ እስከ መጨረሻው አስሞልቶ አስሞልቶ፣ ልክ ልትከፍሉ ስትሉ «ይቅርታ፣ እርስዎ ያሉበት አካባቢ አንደርስም» ይላል። እኔ የምፈልገው መደብር ከሁሉም የባሰ ነበር። የጃፓን የማንጋ መጽሔቶችን በዲጂታል ይሸጣል፤ ግን ለጃፓን ሰው ብቻ። ማንጋ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ነው፤ መጽሔቱ ደግሞ የብዙ ደራሲዎችን ታሪክ በየክፍሉ እየቆረሰ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጣ ወፍራም ጥራዝ። ያን ዕለት ጠዋት ባሕር ማዶ ላሉ አንባቢዎችም በራቸውን ከፈቱ። በሩ ላይ ደግሞ የእኛ ስም ነበረበት።

የደስታዬን ልክ ለማስረዳት ስለ ጀልባዋ ልጅ መናገር አለብኝ።

እዚያ መጽሔት ላይ የምትወጣ አንዲት ታሪክ አለች። እኔን የምታክል ልጅ አባቷ ሲታመም ወንዝ የሚያሻግርበትን ጀልባ ተረክባ ሰው ታሻግራለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አይገደልም፣ ማንም በሰማይ አይበርም። አንድ ቀን ዶሮ የያዘች ሴትዮ ትሳፈራለች፤ አንድ ቀን የተጣሉ ባልና ሚስት ይሳፈራሉ፤ ማዶ እስኪደርሱ ይነጋገራሉ ወይም ዝም ይላሉ። ጁባ ያለው ወንዛችን ላይም ሰው የሚያሻግሩ ጀልባዎች አሉ። ታሪኩን ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ድልድዩ ላይ ስናልፍ አንገቴን አውጥቼ የማየው እነሱን ሆነ።

ታሪኩን ያሳየችኝ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ግን ያደገችው አዲስ አበባ ነው። አማርኛዋ ኢትዮጵያዊት ከሆንኩት ከእኔ ይሻላል፤ ስትናደድ ወደ ጁባ አረብኛ ትገባለች። እሷ የምታነበው ሰዎች ገጹን እየሰረቁ በእንግሊዝኛ ተርጉመው በነፃ ከሚለቁበት ቦታ ነው። እኔም አብሬያት አነብ ነበር። ግን አንዳንዱ ክፍል ገጽ ይጎድለዋል፤ ትርጉሙም አንዳንዴ የጀልባዋን ልጅ ወንድ ያደርጋታል። ስለዚህ በራሴ ጃፓንኛ መማር ጀመርኩ። መሠረታዊው ፊደላቸው እንደኛው ነው፤ አንዱ ምልክት ድምፁን ከነአናባቢው ይይዛል። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። የሚያስለቅሰው ከቻይና የመጣው ትልልቁ ምልክት ነው፤ ደግነቱ ለወጣቶች በሚታተም መጽሔት ላይ ከከባዱ ምልክት ጎን ንባቡን በትንንሽ ፊደል ይጽፉታል። እየተንተባተብኩም ቢሆን አነባለሁ።

አሁን ጭንቁ። እነዚህ መጽሔቶች ታሪኩ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑት አብዛኛውን ጊዜ በአንባቢ ድምፅ ነው። መጽሔቱን የገዛ ሰው የወደዳቸውን ሦስት ታሪኮች መርጦ ይልካል። ድምፅ ያጣ ታሪክ በየእትሙ ወደ ኋላ ገጾች እየተገፋ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ በሁለት በሦስት ክፍል ተጠቅልሎ ያልቃል። የጀልባዋ ልጅ በዚያ ሰሞን እትም የመጨረሻዋ ነበረች። ከእሷ በኋላ የነበረው ማስታወቂያ ብቻ ነው። አንባቢዎች በሚነጋገሩበት ገጽ ላይ ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ በዚህ እትም ድምፅ ካላገኘች አለቀላት። ድምፅ መስጫው የሚዘጋው አዲሱ እትም ሲወጣ፣ እሑድ በእነሱ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ያ ገና ቀን ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት።

ያን ጠዋት ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግራት ማስቲካዋን እያኘከች ሰማችኝና፦

«ነፃ እያለ የሚገዛ ሰው ምን ይባላል?» አለችኝ።

«አንባቢ።»

«እኔ ጋ ሞኝ ነው የሚባለው።»

በነፃ የሚያነብ ሰው የቱንም ያህል ቢወዳት ድምፁ እንደማይቆጠር ነገርኳት። እኔና አንቺ ያለቀስንበት የዶሮዋ ሴትዮ ክፍል ለእነሱ ማንም ያላነበበው ክፍል ነው አልኳት። ማኘኳን አቆመች። ይህን አላወቀችም ነበር። ግን እሷ ተሸነፍኩ የምትል ልጅ አይደለችም። «ማዘር ካርዷን እስክትሰጥሽ ድረስ ልጅቷ ትዳር ይዛ ትወልዳለች» ብላኝ ወደ ክፍል ገባች።

እናቴ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ፋይናንስ ክፍል ነው የምትሠራው። ቤትም ውስጥ ፋይናንስ ክፍል ናት። ማታ ራት ላይ ነገሩን ሳስረዳት የመሥሪያ ቤት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ሻጩ ማን ነው? በየወሩ ራሱ እየቆረጠ ይወስዳል ወይስ አንዴ ነው? ዕቃው ካልደረሰ ለማን ይጮኻል? ዕቃ እንዳልሆነ፣ ስልኬ ላይ የሚነበብ እንደሆነ ስነግራት ይበልጥ ተጠራጠረች። በመጨረሻ ፈቀደች። ፈቃዷ ግን ሕግ ነበረው፤ ካርዱ ከእጇ አይወጣም፣ ቁጥሩ ስልኬ ላይ አይቀመጥም፣ ስትከፍል ራሷ ቁጭ ብላ ነው።

እንዲሁ አደረግን። ሐሙስ ከሥራ እንደተመለሰች ማላኪያ ሰፈር ያለችው ቤታችን በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መደብሩ ላይ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ስም ሲል ስሜን፣ የቤተሰብ ስም ሲል የአባቴን ስም ጻፍኩ። ሌላ ምን እጽፋለሁ? ትምህርት ቤትም፣ ፓስፖርቴም ላይ እንደዚያው ነው። ከዚያ እናቴ መነጽሯን አድርጋ የካርዱን ቁጥር በአንድ ጣት እየነካች አስገባች፤ የካርዱ ባለቤት ስም ሲል ካርዱ ላይ እንዳለው የራሷንና የአባቷን ስም ጻፈች። ክፈል የሚለውን ተጫንኩ። ክቧ ዞረች። ዞረች። ዞረችና ገጹ ነጭ ሆነ።

መጀመሪያ የእናቴ ስልክ ጮኸ፤ ባንኩ ክፍያው መቆሙን እየነገራት ነው። ከዚያ ለእኔ ኢሜይል መጣ። ከመደብሩ ነው። ትሕትናው ብዙ ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፤ የተመዘገበው ሰውና የካርዱ ባለቤት የቤተሰብ ስም ስለማይገናኝ ግዢው ቆሟል፣ ምዝገባዬም ታግዷል። መጨረሻው ላይ «የካርዱ ባለቤት ቤተሰብዎ ናቸው?» የሚል ጥያቄ ነበረ።

እናቴ ስልኬን ተቀብላ አነበበችው። ድጋሚ አነበበችው። እኔ የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋች። ይብቃ አለች። ካርዷን ሌባ የያዘው ካርድ አስመስለው አስቆሙባት፤ ደሞዟ የሚገባበት ካርድ ነው፤ በመጽሔት ምክንያት ባንክ ደጅ መመላለስ አትፈልግም። ፊቷ ግን ስለ ባንክ የሚያስብ ሰው ፊት አልነበረም። ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ዓርብ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ገና ከሩቅ ስታየኝ ገብቷታል። ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ግን የምር አሰበችበት። መፍትሔዋ ቀላል ነበር። ሌላ ምዝገባ ክፈቺ፣ የቤተሰብ ስም የሚለው ላይ የእናትሽን አባት ስም ጻፊ፣ ስሞቹ ይገጥማሉ፣ ካላስ፣ አለቀ። ቶኪዮ ያለ ሰው አያትሽንና አባትሽን በምን ይለያል? ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።

ቀኑን ሙሉ ይህን ሳሰላስል ዋልኩ። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ደብተሬ ጥግ ላይ ስሜን ከእናቴ አባት ስም ጋር ጻፍኩት፤ ሌላ ልጅ መሰለችኝ። ግን ያቺ ሌላ ልጅ ድምፅ መስጠት ትችላለች። እኔ አልችልም። እሑድ እየመጣ ነው። ጀልባዋም የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆማለች።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ገና በሩን ሳትዘጋ ሐሳቡን ነገርኳት። ቁጥሩን አንዴ ብቻ ደግማ እንድታስገባልኝ ለመንኳት። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«የምትጠሪው በአባትሽ ስም ነው» አለችኝ። «ለመጽሔት ብለሽ አያትሽን አባትሽ አታድርጊው።»

«እማዬ፣ ወረቀት ላይ ብቻ እኮ ነው።»

«ወረቀት ላይ ብቻ?» አለችና ተቀመጠች። ከዚያ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ነገረችኝ።

አባቴ መንገድ ሥራ ላይ ነው የሚሠራው። ወደዚህ አገር ቀድሞን ሲመጣ እኔ ገና በቅጡ የማልናገር ልጅ ነበርኩ፤ እሷ ይዛኝ ተከተለችው። መንገድ ላይ አውሮፕላን በምንቀይርበት ቦታ አንድ ፓስፖርት የሚያይ ሰውዬ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን አድርጎ ተመለከተና ይህች ልጅ የማን ናት አላት። የእኔ ናት አለች። ታዲያ ስማችሁ ለምን አይገናኝም አላት። ከሰልፍ አስወጥተው ግድግዳ ጥግ አቆሟት። ሰው እያየን ያልፋል፤ የአውሮፕላናችን ቁጥር ይጠራል። እሷ የአባት ስም መሆኑን ብታስረዳም ሰውዬው ይህች ሴት የሰው ልጅ ይዛ ልትሄድ ነው ብሎ እንደሚያስብ ከዓይኑ ታየዋለች። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ እኔን ጠየቀኝ፤ ይህች ማን ናት?

«አንቺ ደግሞ ያን ዕለት ምላስሽ ተቆልፎ ዝም» አለችኝ እናቴ። «ቀሚሴ ውስጥ ተደበቅሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹እማዬ፣ ሽንቴ መጣ› አልሽ። ሰውዬው አማርኛ አያውቅም፤ ግን ገባው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልደት ምስክር ወረቀቴን ቅጂ ሳትይዝ ከቤት ወጥታ እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ ቦርሳዋን ከፍታም አሳየችኝ። ከካርዱ ኋላ ታጥፎ አለ። ትናንት ያነበበችው ጥያቄ ያንኑ ሰውዬ ነው ያስታወሳት። አሁን ግን የሚቸኩል አውሮፕላን የለም አለች፤ ለእኔ ግን ነበረ።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። «እንጻፍላቸው።»

መልሱ እስከ እሑድ ካልመጣ በጓደኛዬ መንገድ የማገኘውን ድምፅም እንደማጣ አውቃለሁ። እናቴም አውቃለች፤ ነግሬያታለሁ። ቢሆንም ተቀመጥኩ።

ያን ያህል ስንከራከር አናውቅም። እናቴ «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ» ብላ መጀመር ትፈልጋለች። እኔ እንደዚያ የሚጀምር ነገር ማንም ሰው እስከ መጨረሻው አያነብም አልኳት። እሷ ረጅም አደረገችው፤ እኔ ቆረጥኩት። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍነው፤ በአማርኛ ቢሆን እንዲህ ይላል፦

«አገራችን ኢትዮጵያ ውስጥ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ሰው የራሱ ስም አለው፤ ከኋላው የአባቱን ስም ያስከትላል። ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ስለዚህ የእናቴ ሁለተኛ ስም የአባቷ ነው፤ የእኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ ነው፤ አባቴም የራሱ አባት ስም አለው። በአንድ ገበታ የምንበላ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ሁለተኛ ስም አለን። ይህ ባዕድ መሆናችንን አያሳይም፤ እያንዳንዳችን የማን ልጅ እንደሆንን ነው የሚያሳየው። ካርዱ የእናቴ ነው። እሷም አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። የልደት ምስክር ወረቀቴን አያይዤዋለሁ፤ የሦስታችንም ስም አንድ ላይ የሚገኝበት ወረቀት እሱ ነው።»

ከዚህ በታች አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ወንዝ የምታሻግረው ልጅ ታሪክ እንዳይቆም እስከ እሑድ ድምፅ መስጠት እፈልጋለሁ የሚል። እናቴ ይህን አውጪው፣ ቁም ነገር ከጨዋታ ጋር አይቀላቀልም አለች። አላወጣሁትም። ለእኔ ቁም ነገሩ እሱ ነበር። ትንሽ አየችኝና፣ እሺ፣ ደብዳቤው ያንቺ ነው አለች። ላክነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኔትወርኩ ጠፋ።

ጁባ ውስጥ ኔትወርክ መጥፋት ዜና አይደለም። መጀመሪያ አልደነገጥኩም። እስከ ምሳ ይመለሳል አልኩ። ከዚያ እስከ ማታ። ስልኬን መስኮት ላይ አስቀምጥና ዞር እላለሁ፤ ዞር ብዬ ስመለስ ያው ነው። ደውዬ እንኳ ጓደኛዬን ማግኘት አልቻልኩም። እሑድ ስነቃም እንደዚያው። መልሱ መጥቶ ይሆናል፤ አልመጣም ይሆናል፤ የማውቅበት መንገድ የለም። በጣም የሚያናድደው እሱ ነበር። እንቢ ብለውኝ ቢሆን አልቅሼ እተኛ ነበር።

ምሳ በልተን ጨርሰን ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር በራችን ተንኳኳ። ጓደኛዬ ናት፤ ከጉዴሌ በቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ተሳፍራ መጥታ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሷል። ለእናቴ እጅ ነስታ ወደ እኔ ዞረች። እነሱ ሰፈር ኔትወርክ አለ፤ ደካማ ነው፣ ግን አለ። ከትናንት ጀምሮ ስትደውልልኝ ነበር። «ዛሬ አይደል እንዴ ልጅቷ የምትሞተው?» አለችኝ። ሞኝ የሚለው ነገር የት እንደደረሰ አልጠየቅኳትም።

እናቴን አየኋት። የእሷ ሕግ ነው፤ ካርዱ ከእጇ አይወጣም። ካርዱ ጉዴሌ እንዲሄድ እሷ ጉዴሌ መሄድ አለባት። መልስ መምጣቱ እንኳ ባልታወቀበት፣ ዝናብ በቋጠረ ሰማይ፣ በዕረፍት ቀኗ።

እናቴ ሰማዩን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

ቦዳቦዳ አትሳፈርም፤ መሥሪያ ቤቷ ይከለክላል፣ እሷም እሑድ ነው ብላ ሕግ የምትጥስ ሰው አይደለችም። ስለዚህ ሚኒባስ ጠበቅን። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ሾፌሩ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ እያለ ያን አንድ ሰው ለመጠበቅ የፈጀብን ጊዜ ዕድሜዬን አሳጠረው። ከአስፋልቱ ስንወጣ ሚኒባሱ ከዚህ አላልፍም አለ፤ መንገዱ ትናንት በዘነበው ላቁጧል። ወረድን። እናቴ ጥቂት እንደሄደች አንዱ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ጎትታ አወጣችው፣ ሌላውንም አወለቀች፣ ሁለቱንም በአንድ እጇ አንጠልጥላ በባዶ እግሯ ቀጠለች። ቦርሳዋን በብብቷ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ጓደኛዬ ማሌሽ፣ ይቅርታ ማዘር፣ ደረስን፣ ደረስን ትላለች። አልደረስንም ነበር።

ቤታቸው በረንዳ ላይ ስንደርስ አሥራ አንድ ሊሆን ብዙ አልቀረውም። የጓደኛዬን ሆትስፖት ከፈትን። ስልኬ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም፤ ከዚያ የሁለት ቀን መልእክት በአንድ ጊዜ እየተንጫጫ ገባ። አንዱ ከመደብሩ ነው። ጓደኛዬ ነጥቃኝ ጮክ ብላ አነበበችው። ምዝገባዬ ተከፍቷል። ስለ ማብራሪያዬ ያመሰግናሉ፤ የስማችንን ሥርዓት ባለማወቃቸው እናቴን ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ወደፊት ከአገራችን ሌላ አንባቢ ሲመጣ ይህንን እናስታውሳለን ይላሉ። እናቴ ጭቃ የያዘ ጫማዋን እንዳንጠለጠለች «እስቲ ይቅርታውን ድገሚልኝ» አለች። ጓደኛዬ ደገመችላት።

ግን ገና አልገዛንም። እናቴ ካርዷን አወጣች፣ ቁጥሩን በዚያችው በአንድ ጣቷ አስገባች። አሁን ባንኩ ለእናቴ ስልክ የማረጋገጫ ኮድ መላክ አለበት። የእናቴ መስመር ደግሞ እኛ ሰፈር የሞተው መስመር ነው፤ ጉዴሌም ትንፋሹ ደካማ ነው። ጠበቅን። ኮዱ አልመጣም። እናቴ ስልኳን ከፍ አድርጋ ግቢው ውስጥ መዞር ጀመረች፤ ወደ አጥሩ፣ ወደ ውኃ በርሜሉ፣ ወደ በሩ። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ። የመጀመሪያው ኮድ ሲመጣ ጊዜው አልፎበታል። ሌላ እንዲልክ ጠየቅሁ። እናቴ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ወጥታ፣ አንድ እጇን ጓደኛዬ ትከሻ ላይ አድርጋ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘረጋች። አንዲት የፋይናንስ ሠራተኛ በባዶ እግሯ ጀሪካን ላይ። ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጠራችልኝ፤ በመሥሪያ ቤት ድምፅ፣ ሳትቸኩል። እኔ ውስጤ እየጮኸ አስገባኋቸው።

ክቧ ዞረች። ዞረች። የመጽሔቱ ሽፋን መጣ።

ድምፅ መስጫው የሚገኘው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ መጽሔቱ ሙሉ በሙሉ ካልወረደ አይከፈትም። ገጾቹ እንደ ኤሊ ይወርዳሉ። ማንበብ አልቻልኩም፣ ማየት ብቻ፤ የሚፋለሙት፣ የሚዋደዱት፣ የሚበሩት ሁሉ እያለፉ፣ በመጨረሻ ጀልባዋ መጣች። የመጀመሪያ ሥዕሏ ላይ ልጅቷ መቅዘፊያውን ይዛ ማዶ ታያለች። ከማስታወቂያዎቹ በኋላ ድምፅ መስጫው ተከፈተ። እሷን አንደኛ አድርጌ መረጥኩ። ከታች ባዶ ቦታ ነበረ፤ ከላዩ «በሚቀልላችሁ ቋንቋ አስተያየታችሁን ጻፉልን» ይላል። በእንግሊዝኛ የሚያምር ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ያን ሰዓት አንድም ቃሉ ትዝ አላለኝም። የመጣልኝ አማርኛ ነው፦

«የምጽፍላችሁ ከጁባ ነው። እዚህም ወንዝ አለ፣ እዚህም የሚያሻግሩ ሰዎች አሉ። ልጅቷን አታስቁሟት። ገና ማዶ አልደረሰችም።»

እናቴ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበችው። እርማት ጠበቅሁ።

«ላኪው እንጂ» አለችኝ።

ላክሁት። ድምፅዎ ደርሶናል የሚለው መልእክት መጥቶ ትንሽ እንደቆየን ሰዓቱ ሞላ፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን ሊበሳው ደረሰ። ሦስታችንም ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። እናቴ ጫማዎቿን አገላብጣ አየቻቸውና፣ ይቅርታው ጥሩ ነው፣ ግን እነዚህን ማን ያጥብልኛል አለች። አጠብኳቸው። አባቴ ኔትወርክ ሲመለስ ከሥራ ቦታው ደውሎ ሁሉንም ሰምቶ፣ እሱ ቪዛ ሳይጠይቅ ስሙ ጃፓን ድረስ ሄዶ ሰው ማጣላቱ ገረመው።

ድምፃችን የተቆጠረበት እትም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲወጣ በእናቴ ካርድ፣ በአባቴ ስም፣ ያለ ምንም ጥያቄ ገዛን። የጀልባዋን ልጅ ከኋላ ጀምሬ ፈለግኋት። የመጨረሻው ገጽ ላይ የለችም። ከመጨረሻው በፊት አገኘኋት። አንድ ቦታ ወደ ፊት መጥታለች። አንድ። ለጓደኛዬ ስነግራት የሚቀጥለውን አብረን እንገዛለን አለች፤ እሷም ደብዳቤ እየጻፈች ነው፣ በሦስት ቋንቋ ቀላቅላ።

በዚያ እትም ጠርዝ ላይ አዘጋጆቹ በትንንሽ ፊደል አንድ ነገር ጽፈው ነበር፤ ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ከየት ሆናችሁ እንደምታነቡን በየቋንቋችሁ ንገሩን የሚል። ግብዣውን ለእናንተም አስተላልፋለሁ። የምትወዱት ታሪክ ካለ፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ሳይገፋ አንድ እትሙን ግዙና ከየት እንደሆናችሁ ጻፉላቸው። ዝርዝሩ ላይ አገራችሁን ፈልጉ፤ ከታች ወደ ላይም ፈልጉ። የከፈለችው እናታችሁ ሆና ቤተሰብ ናችሁ ወይ ብለው ከጠየቋችሁ ደግሞ አትደንግጡ፣ አያታችሁንም አባት አታድርጉት። ከላይ ያለውን ደብዳቤ ቅዱት። የእኔ ነው፤ ፈቅጃለሁ። ስትጽፉት ብቻ እናታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጧት።